ስለ ሞተር ጉልበትና ስለ ቶርክ ኮንቨርተር መመጣጠን

ከአንገቱ ተነሥቶ በሐረና ጫካ በኩል ወደ ጎባ የሚወጣ መንገደኛ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በቆላው እንደ ልቡ ይገሠግሥ የነበረው መኪና ሪራን አልፎ የሳነቲን ዳገት ሲይዝ ድምፁ ይለወጣል፤ ሾፌሩ የነዳጁን መርገጫ እስከ ወለሉ ቢጫነውም እንደ ደከመች በቅሎ ማዝገም ይጀምራል። ያን ጊዜ ከተሳፋሪው አንዱ «ሞተሩ አርጅቷል» ይላል፤ ሌላው «ናፍጣው ውሃ ገብቶበታል» ይላል። እውነተኛው ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ አየሩ ነው። አየሩ በሳሳ ቁጥር ሞተሩ ይደክማል፤ ሞተሩ ሲደክም ደግሞ ጉልበቱን ተቀብሎ ወደ ጎማ ከሚያደርሰው መሣሪያ ጋር የነበረው ስምምነት ይፈርሳል። እኔም ዛሬ ለመጽሔታችን አንባብያን በተቻለኝ መጠን ላስረዳ የተነሣሁት ስለዚሁ ስምምነት ነው።

ነገሩ የዕውቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት በደጋው በኩል የጠጠር መንገድ ሲሠራ አንድ አሮጌ፣ ቱርቦ የሌለው ሎደር ነበረ። የሚነዳው አጎቴ ስለ ሆነ የሆነውን ሁሉ ከእርሱ ሰማሁ። ሎደሩ አካፋውን ጠጠሩ ውስጥ ሲሰድ እየደከመ ስላስቸገረ ከሩቅ መካኒክ መጣለት። መካኒኩም ጎማውን በፍሬን አግዶ ነዳጁን በሙሉ ሰጥቶ የሞተሩን ዙር ቢያነብ በደቂቃ 1750 ሆነ። የፋብሪካው መጽሐፍ ግን 2000 ይላል። ስለዚህ «ሞተሩ ታሟል» ተብሎ ተፈታ፤ ፋሻው ተለወጠ፣ ብሮንዚኑ ተለወጠ፣ ተመልሶም ተገጠመ። ዳግመኛ ቢለካ ያው 1750 ሆነ! ይህ ሁሉ ሲሆን ሳምንታት አለፉ፤ ዝናቡም ቀደመ፤ ጠጠሩ ሳይነጠፍ በመቅረቱ የዚያ አካባቢ ሰው እህሉን በአህያና በፈረስ ሲያወጣ ከረመ። 1750 የሚለው ቁጥር ግን የበሽታ ምልክት አልነበረም። ለምን እንዳልነበረ ለማሳየት በመጀመሪያ መሣሪያውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ተራ ካምቢዮ ባለው መኪና በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ፍሪሲዮን አለ። ሾፌሩ በግራ እግሩ ሲረግጠው ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ፤ ሲለቀው ይገናኛሉ። በሎደር፣ በብዙዎቹ ዶዘሮች፣ በከባድ የማዕድን ገልባጭ መኪናዎችና ራሳቸው ማርሽ በሚለውጡ ብዙ የቤት አውቶሞቢሎች ውስጥ ግን በፍሪሲዮን ፈንታ ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል፣ እንደ ድፍን ዳቦ የተድቦለቦለ፣ ዘይት የሞላበት የብረት ዕቃ ይገኛል። ቶርክ ማለት የማዞር ጉልበት ነው። የጎማ ብሎን እምቢ ሲል ረዳቱ በመፍቻው እጀታ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ ሲጫነው ይፈታለታል፤ ክንዱ አልበረታም፣ የማዞር ጉልበቱ ግን በእጀታው ርዝመት ልክ አደገ። ኮንቨርተር ማለት ደግሞ ለዋጭ ማለት ነው።

ይህን መሣሪያ የፈለሰፈው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሄርማን ፈቲንገር ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1905 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ስቴቲን በምትባለው ከተማ በቩልካን የመርከብ ፋብሪካ ይሠራ ነበርና ያሳሰበው የመርከብ ነገር ነበር፤ የእንፋሎት ተርባይን እጅግ ፈጥኖ ይዞራል፣ የመርከብ መቅዘፊያ ግን በዝግታ መዞር አለበት። ወደ አውቶሞቢል በብዛት የገባው ቆይቶ ነው፤ ከታወቁት አንዱ ቡይክ በ1948 ያወጣው ዳይናፍሎ የተባለው ነበር።

በድቡልቡሉ ዕቃ ውስጥ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ባለ ክንፍ መንኮራኩሮች አሉ። አንደኛው ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ «ገፊው» ልበለው። ሁለተኛው ወደ ካምቢዮው የሚሄደውን ዘንግ የያዘ ነው፤ እርሱን «ተገፊው» እለዋለሁ። ብረቱ ከብረት ጋር አይነካካም። ገፊው ሲዞር ዘይቱን ወደ ውጭ ይወረውራል፤ ዘይቱም በተገፊው ክንፎች ላይ አርፎ ያዞረዋል። በአገራችን የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ወራጁ ውሃ ክንፉን ሲመታው ድንጋዩ ይዞራል። ልዩነቱ ወፍጮውን የመታው ውሃ ወደ ወንዙ ሲወርድ፣ እዚህ ያለው ዘይት ግን ወደ ገፊው መመለሱ ነው።

የፈቲንገር ብልሃት ያለው በዚህ መመለሻ ላይ ነው። ተገፊውን መትቶ የሚመለሰው ዘይት አቅጣጫው ተገልብጧልና እንዲያው ቢለቀቅ ገፊውን ፊት ለፊት ተጋፍቶ ያዳክመው ነበር። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ፣ ትንሽ መንኮራኩር ተደረገ፤ ስሙን «መላሹ» እንበል። መላሹ ወደ ኋላ እንዳይዞር የተያዘ ስለ ሆነ ዘይቱ በክንፎቹ ላይ ተጠምዝዞ ገፊውን ከኋላ በሚያግዝ አቅጣጫ ይገባል። በዚህ ምክንያት ጎማው ገና ሳይንቀሳቀስ ወይም በዝግታ ሲሄድ፣ ወደ ካምቢዮው የሚደርሰው የማዞር ጉልበት ሞተሩ ከሰጠው ሁለት እጥፍ ያህል፣ በአንዳንድ የሥራ መኪናዎችም ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ከየት መጣ ቢባል ከፍጥነት ነው የመጣው፤ ማዞሩ ሲጨምር ዙሩ ቀንሷል። ተገፊው ፈጥኖ ወደ ገፊው ዙር ሲጠጋ ግን እጥፉ ይቀራል፤ መላሹም ከዘይቱ ጋር በነፃ ይዞራል።

ሮቤንና ሲናናን የሚያውቅ አንባቢ «ስንዴውን የሚያርሱት ትራክተሮችስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እነርሱ በአብዛኛው ይህ መሣሪያ የላቸውም። ማረሻ ቀኑን ሙሉ እኩል ፍጥነት ይፈልጋል፤ በዘይት ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት መንሸራተት ስላለ ያ መንሸራተት ከንቱ ናፍጣ ይሆን ነበር። ሎደር ግን በየደቂቃው ይቆማል፣ ይገፋል፣ ይመለሳል፤ ለእርሱ ፍሪሲዮን ቢሰጡት ባጭር ጊዜ ይቃጠል ነበር።

አሁን ወደ መመጣጠኑ እንምጣ። ከዚህ በታች ያለውን በሒሳብ ደብተራቸው እያሰሉ የሚከተሉ የክፍል ጓደኞቼ የበለጠ ይጠቀማሉ። ገፊው ከሞተሩ ላይ የሚወስደው የማዞር ጉልበት በዙሩ ካሬ ያድጋል። በምሳሌ ልናገር፤ አንድ ኮንቨርተር ተገፊው ታግዶ ሳለ በደቂቃ 1000 ዙር 120 ኒውተን ሜትር የሚወስድ ከሆነ፣ በ1500 ዙር 270፣ በ2000 ዙር 480 ኒውተን ሜትር ይወስዳል። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ሸክሙ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይህን በሣጥን ወረቀት ላይ ብንነድፈው ወደ ላይ እየቀና የሚሄድ ጎባጣ መሥመር ይሆናል። በዚያው ወረቀት ላይ ሞተሩ በየዙሩ የሚሰጠውን የማዞር ጉልበት ብንነድፍ ደግሞ ዝቅ ያለ ኰረብታ የሚመስል መሥመር ይወጣል። ሁለቱ መሥመሮች የሚቋረጡበት ነጥብ ሞተሩ ጎማው ታግዶ በሙሉ ነዳጅ የሚረጋበት ዙር ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ «የእግድ ዙር» እለዋለሁ። ሞተሩ 2000 ዙር ላይ 480 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ከሆነ የእግድ ዙሩ 2000 ነው።

መመጣጠን የሚባለው እንግዲህ ይህ ነጥብ በሚገባው ቦታ እንዲውል ማድረግ ነው። ኮንቨርተሩ ለሞተሩ ከበዛበት ሞተሩን ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ሞተሩም ጉልበቱ ገና ባልበሰለበት ዙር ላይ እያጓራና እየጨሰ ይቀራል። ኮንቨርተሩ ካነሰው ደግሞ ሞተሩ እንደ ልቡ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም፤ ጉልበቱ ዘይቱን በማሞቅ ያልቃል። በሥራ ቦታ ያየኋቸው ሰዎች ሁለተኛውን በቶሎ ያውቁታል፤ የመጀመሪያውን ግን ከሞተር በሽታ ለይተው የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

የኮንቨርተሩ ልክ የሚወሰነው ከሁሉ ይበልጥ በስፋቱ ነው። የሚወስደው የማዞር ጉልበት በዲያሜትሩ አምስተኛ ኀይል ያድጋል፤ ይኸውም ዲያሜትሩ አምስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ማለት ነው። ስፋቱ ከመቶ ዐሥር እጅ ቢቀንስ የሚሸከመው ወደ 59 ከመቶ ይወርዳል። በዐይን የማይለይ የሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ልዩነት አንዱን ሞተር የሚያስደስት፣ ሌላውን የሚያንቅ ሊሆን ይችላል። «ቀዳዳው ከገጠመ ይሠራል» የሚለው የጋራዥ አባባል እዚህ ላይ አያገለግልም።

ከዚህ በኋላ የሎደሩ ነገር በቀላሉ ይፈታል። በባሕር ጠረፍ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ሮቤ 2500 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ጎባ ከርሷ ከፍ ትላለች፤ የሳነቲ ሜዳ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍም 4377 ሜትር ይደርሳል። በጎባ ከፍታ የአየሩ ክብደት በባሕር ጠረፍ ካለው 77 ከመቶ ያህል፣ በሳነቲ ግን ሁለት ሦስተኛው ብቻ ይሆናል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው ይህንኑ የሳሳ አየር ነው። ናፍጣው ሳይቀነስለት አየሩ ብቻ ሲያንሰው ጥቁር ጢስ ይተፋል፤ የማዞር ጉልበቱም በአየሩ ልክ ይወርዳል ብለን ብናስብ ከእውነት ብዙ አንርቅም።

እንግዲህ ከላይ በምሳሌ ያነሣሁት ሞተር 480 የነበረው በጎባ 370 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። ኮንቨርተሩ ግን ዘይት እንጂ አየር ስለማይስብ ከፍታው ምንም አልነካውም፤ ያንኑ የድሮውን ሸክም ይጠይቃል። ስለዚህ ሁለቱ መሥመሮች የሚቋረጡት 2000 ላይ መሆኑ ቀርቶ 1750 ዙር ላይ ይሆናል። ያ መካኒክ ያነበበው ቁጥር ይኸው ነው! የፋብሪካው መጽሐፍ አልዋሸም፤ የጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው። ሞተሩም ጤነኛ ነበር፤ የቆመው ግን ደጋ ላይ ነው።

በሳነቲ ደግሞ የማዞር ጉልበቱ 320 ኒውተን ሜትር ያህል፣ የእግድ ዙሩም 1640 ያህል ይሆናል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምሻው አለ። የፈረስ ጉልበት የማዞር ጉልበትና የዙር ብዜት ነው፤ ኒውተን ሜትሩን በዙሩ አባዝተን ለ9550 ብናካፍል ኪሎ ዋቱ ይወጣል። በከፍታ ሁለቱም አብረው ስለሚወርዱ ጉዳቱ ድርብ ነው። ሞተሩ ወደ ኮንቨርተሩ ያስገባ የነበረው በባሕር ጠረፍ 137 የፈረስ ጉልበት ያህል ሲሆን፣ በጎባ 92፣ በሳነቲም 75 ብቻ ይሆናል። አየሩ የቀነሰው አንድ ሦስተኛ ነበር፤ ጉልበቱ ግን ወደ ግማሽ ወረደ። ትርፉን የወሰደው አለመመጣጠኑ ነው።

«ታዲያ ለደጋ አነስ ያለ ኮንቨርተር ለምን አይገጠምም?» ያለኝ ጓደኛ አለ። ይቻላል። ዲያሜትሩ 33 ሳንቲ ሜትር የነበረው 30 ተኩል ቢሆን በሳነቲ የእግድ ዙሩ ወደ 2000 ይመለሳል፤ 75 የነበረውም ወደ 91 የፈረስ ጉልበት ያድጋል። ነገር ግን ያው መኪና 1300 ሜትር ግድም ወዳለችው ዶሎ መና ሲወርድ ሞተሩ ኀይሉ ይመለስለትና በትንሹ ኮንቨርተር ላይ ያለ ልክ ይጮኻል፤ ዘይቱም ይግላል። የእኛ መንገድ በአንድ ቀን ከቆላ ወደ ውርጭ፣ ከውርጭ ወደ ቆላ የሚያደርስ ስለ ሆነ፣ በእኔ አስተያየት ዘወትር ደጋ ላይ ለሚውል መኪና ካልሆነ በቀር ይህን ማድረግ አይበጅም።

ቱርቦ የተሻለ መድኀኒት ነው። ቱርቦ በሞተሩ ጢስ ግፊት እየዞረ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ የከፍታውን ጉድለት በብዙ ይሞላል። ሆኖም ጢሱ በቂ ግፊት የሚኖረው ሞተሩ ጥቂት ዙር ካገኘ በኋላ ነው። ኮንቨርተሩ የበዛበት ባለ ቱርቦ ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ዙሩ ታፍኖ ይቀራል፤ ዙር ስለሌለው ቱርቦው አይነቃም፤ ቱርቦው ስላልነቃ ዙሩ አይወጣም። በቆላ ሳለ ይህን እንቅፋት በቀላሉ ይሻገረው የነበረ መኪና በደጋ ዳገት ላይ ሲንገታገት የሚታየው ብዙ ጊዜ ስለዚህ ነው። ስለዚህም ለባለ ቱርቦ ሞተር የሚመረጠው ኮንቨርተር ቱርቦው እስከሚነቃበት ዙር ድረስ የሚለቅቀው መሆን ይገባዋል።

ሌላው በገንዘብ የሚያስከፍል ነገር ሞተር መለወጥ ነው። የሎደሩ ሞተር ሲሞት ባለቤቱ ገበያ ወጥቶ «የፈረስ ጉልበቱ እኩል ነው» የተባለለትን ሌላ ሞተር ይገዛል። ነገር ግን 110 ኪሎ ዋት በ2200 ዙር የሚሰጠው ሞተር 477 ኒውተን ሜትር ሲኖረው፣ ያንኑ 110 ኪሎ ዋት በ2800 ዙር የሚሰጠው 375 ብቻ አለው። ሁለተኛውን በምሳሌያችን ኮንቨርተር ላይ ብንገጥመውና የማዞር ጉልበቱ በዝቅተኛም ዙር ያው ነው ብንል፣ ከ1770 ዙር አያልፍም፤ በዚያም ላይ የሚሰጠው 70 ኪሎ ዋት ያህል ነው። ቀሪውን አርባ የከፈለበት ሰው ፈጽሞ አያገኘውም። ስለዚህ ገዢ ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ፈረስ ነው?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «በስንት ዙር?» ብሎም ነው።

የእግድ ዙርን መለካት ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዘይቱ በቅድሚያ ይሙቅ፤ የእጅና የእግር ፍሬን በደንብ ይያዝ፤ ከመኪናው ፊትም ከኋላም ሰው አይቁም። ነዳጁ በሙሉ የሚሰጠው ለአምስት ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማርሹን ነፃ አድርጎ ዘይቱን ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ጎማው ታግዶ ሳለ የሞተሩ ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣልና፤ 100 ኪሎ ዋት ማለት ሃያ አምስት ያህል የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣዶች ባንድ ጊዜ እንደ ተጣዱ ነው፤ ይህ ሁሉ በጥቂት ሊትር ዘይት ውስጥ! ከተለካ በኋላ ቁጥሩ የከፍታው ሒሳብ ታስቦለትም ከሚገባው እጅግ ካነሰ የአየር ማጣሪያው፣ ናፍጣው፣ ቱርቦው ይመርመር፤ የመላሹ መያዣም ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ከሚገባው በላይ ከሆነ ግን ሞተሩን መክሰስ አይገባም፤ በካምቢዮው ውስጥ የሚንሸራተት ነገር አለ፣ ወይም ዘይቱ ጎድሏል። ሞተር መፍታት ከሁሉ በኋላ ነው።

ስለ ሙቀት ካነሣሁ ዘንድ፣ ደጋ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ መኪና አይግልም ማለት ትክክል አይደለም። በሳነቲ ውሃ 87 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ የሚፈላበትን ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል፤ ክዳኑ የሚያስተነፍስ ከሆነ ግን በዳገቱ የጋለው የኮንቨርተር ዘይት ሙቀቱን ለራዲያተሩ ሲያስረክብ ውሃው ቶሎ ይፈላል። የአንድ ክዳን ዋጋ ከሞተር ጋር አይወዳደርም።

ከሜዳው ወደ ሪራ ሲወረድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ፍሪሲዮን ባለው መኪና ዝቅተኛ ማርሽ ሲገባ ጎማው ሞተሩን በቀጥታ ያዞረዋልና ሞተሩ ራሱ እንደ ፍሬን ያገለግላል። በኮንቨርተር ግን ጎማውና ሞተሩ የሚገናኙት በዘይት ነው፤ ገፊና ተገፊ ተገላብጠው ሲሠሩ መያዛቸው ደካማ ነው። ሞተሩም በሳሳው አየር ውስጥ የሚጨምቀው ስለሚያንሰው የማገዝ ኀይሉ ይቀንሳል። አንዳንድ ኮንቨርተሮች ገፊውንና ተገፊውን በብረት የሚያቆላልፍ የውስጥ ፍሪሲዮን አላቸው፤ ያ ሲይዝ ሞተሩ መልሶ ፍሬን ይሆናል፤ መኪናው ሲዘገይ ግን ብዙ ጊዜ ይለቅቃል። ስለዚህ ራሱ ማርሽ የሚለውጥ አውቶሞቢል የሚነዳ ሰው ጠመዝማዛው ከመጀመሩ በፊት ሜዳው ላይ ሳለ ዝቅተኛውን ማርሽ በእጁ ይዞ መውረድ አለበት፤ ቁልቁለቱ መካከል ፍሬኑ ከጋለ በኋላ ማርሽ መፈለግ ዘግይቷል። የአጎቴ ሎደርም ባለፈው ጥቅምት በዚህ መንገድ ወደ ታች የወረደው በአንደኛ ማርሽ፣ ከፊቱ ሰው እየሄደ መንገዱን እያስለቀቀለት ነው፤ በመሪው አጠገብም «ጎባ 1750፣ ሳነቲ 1640» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።